አንድ ፊኛ እንዴት ሰፈር ሙሉ መብራት ያጠፋል?

ጥያቄ፦ «ሎስ አንጀለስ አካባቢ የምርቃት፣ የልደትና የቤቢ ሻወር ዲኮር እሠራለሁ። ካሊፎርኒያ የሚያብለጨልጨውን የፎይል ፊኛ ልትከለክል ነው ተብሎ ሁላችንም ግራ ገብቶናል። እኔ ነገሩ አልገባኝም። ፊኛው ከመሳሳቱ የተነሳ ክብደት የሚባል የለውም። የመብራት ሽቦ ደግሞ ፕላስቲክ የለበሰ ነው። ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው መብራት የሚያጠፋው? ኩባንያዎቹስ ሽቦውን መሬት ውስጥ ቢቀብሩት አይሻልም? ላስቲክ ፊኛም አብሮ ተከልክሏል የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴም ይህንኑ ሥራ ልትጀምር ዕቃ እያዘዘች ነው። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦ ወደ ሕጉ ከመግባታችን በፊት ጥያቄዎ ውስጥ ያሉ ሁለት ግምቶች መስተካከል አለባቸው። ሽቦው ፕላስቲክ የለበሰ አይደለም። የፊኛው መሳሳትም አደጋውን አይቀንሰውም።

ከሽቦው እንጀምር። ከቤትዎ ወጣ ብለው አንድ የመብራት ምሰሶ ቀና ብለው ይመልከቱ። ዝቅ ብሎ የተሰቀለው ጥቁር ወፍራም ገመድ የስልክና የኢንተርኔት ነው። ወደ ቤት የሚገባው የመብራት ሽቦም ሽፋን አለው። ፕላስቲክ ለብሶ የሚያዩት እነዚህን ነው። ምሰሶው ጫፍ ላይ፣ ስኒዎቹ (ሽቦውን ከምሰሶው የሚለዩት ማገጃዎች) ላይ ያረፉት ሽቦዎች ግን በአብዛኛው ራቁታቸውን ናቸው። በካሊፎርኒያ ብዙ ሰፈሮች እነዚህ ሽቦዎች 12,000 ወይም 16,000 ቮልት ይይዛሉ። እህትዎ ባሉበት አዲስ አበባ ደግሞ ሰፈር ውስጥ የሚያልፈው መስመር 15,000 ቮልት ነው፣ በአንዳንድ ቦታ 33,000። አንዱን ሽቦ ከሌላው የሚለየው አየር ብቻ ነው። ርቀቱ እስከተጠበቀ ድረስ አየር በቂ መከላከያ ነው። በመካከሉ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ሲገባ ግን መከላከያው አበቃ።

ወፍ ሽቦ ላይ አርፋ ምንም የማትሆነው አንድ ሽቦ ብቻ ስለምትነካ ነው። ፊኛም አንድ ሽቦ ብቻ ነክቶ ካለፈ ምንም አይፈጠርም። ችግሩ ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ ሲነካ ነው፤ ወይም በአንድ ወገን ሽቦውን፣ በሌላ ወገን ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት ሲነካ። ለምርቃትና ለልደት የሚሠሩት ትልልቅ የቁጥር ፊኛዎች አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። በብዙ ምሰሶ ላይ በሁለት ሽቦ መካከል ያለው ርቀትም ከዚያ ብዙም አይበልጥም። አንድ ላይ የታሰረ የፊኛ እቅፍ ደግሞ ከዚያም ይሰፋል። ትንሹ ባለ 45 ሴንቲ ሜትር ፊኛ ሁለት ሽቦ ላያገናኝ ይችላል። ትራንስፎርመር ወይም ፊውዝ ያለበት ምሰሶ ላይ ከተጠመጠመ ግን እሱም ይበቃል፣ ምክንያቱም እዚያ ክፍተቶቹ በጣም ጠባብ ናቸው።

አሁን ወደ መሳሳቱ እንምጣ። የፎይል ፊኛ በመሠረቱ ፕላስቲክ ነው፤ ናይለን ወይም ፖሊስተር። ላዩ ላይ በቫክዩም የተቀባ አሉሚኒየም አለ። ይህ የአሉሚኒየም ሽፋን ወጥ ቤት ከምንጠቀምበት ፎይል በመቶዎች እጥፍ የሳሳ ነው። ቢሆንም እውነተኛ ብረት ነው። ናሳ በ1960 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኤኮ 1 የተባለች 30 ሜትር ስፋት ያላት ፊኛ ወደ ህዋ አምጥቆ ነበር። የሬዲዮ ሞገድ እያንጸባረቀች ወደ ምድር እንድትመልስ ያስቻላት ይኸው በስሱ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ሽፋኑ የሳሳ ስለሆነ ብዙ ኤሌክትሪክ መሸከም አይችልም፣ ልክ ነው። ነገር ግን አደጋውን የሚፈጥረው ይኸው ነው። ፊኛው ሁለቱን ሽቦ ባገናኘበት ቅጽበት ከፍተኛ ኃይል በአሉሚኒየሙ ውስጥ ያልፋል። አሉሚኒየሙ ከሴኮንድ ሽራፊ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቀልጦ ይተናል። በቦታው የሚቀረው በጣም የጋለና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አየር ነው። ከዚህ በኋላ ኃይሉ ፊኛው አያስፈልገውም። በጋለው አየር በኩል ከሽቦ ወደ ሽቦ ራሱን ችሎ ይፈሳል። ይህ እኛ ባለሙያዎች አርክ የምንለው ነው። ሰው የሚያየው ሰማያዊና ነጭ ብልጭታ፣ የሚሰማውም እንደ ፈንጂ ያለ ድምፅ ይህ ነው። ሙቀቱ በሺህ በሚቆጠር ዲግሪ ስለሆነ ሽቦውን ራሱን ሊያቀልጠው ይችላል። ፊኛው የሚያስፈልገው ለመለኮስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዳት የሚያደርሰው የመስመሩ ኃይል ነው።

ቀጥሎ የሚሆነው እንደ ዕድልና እንደ ቦታው ይለያያል። ጥሩ ሲሆን መከላከያ መሣሪያው ሾርቱን አይቶ መስመሩን ያቋርጣል፣ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መልሶ ይሞክራል፣ ፊኛው ተቃጥሎ ወድቆ ከሆነ መብራት ይመለሳል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ብቻ ያያል። ሲብስ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሠራተኛ መጥቶ እስኪቀይረው ሰፈሩ በጨለማ ይቆያል። ከሁሉ የሚከፋው ሽቦው ተበጥሶ መሬት ላይ ሲወድቅ ነው። በደረቅ ወቅት በካሊፎርኒያ ሣር ላይ የወደቀ ሽቦ ምን እንደሚያመጣ እዚያ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። የካሊፎርኒያ ኩባንያዎች እሳት በመፍራት በበጋ መከላከያቸውን በጣም ንቁ አድርገው ያስተካክሉታል፤ መስመሩ በትንሽ ነገር ይቆረጣል፣ በራሱም መልሶ አይሞክርም። ስለዚህ ድሮ በብልጭታ ያልፍ የነበረ የፊኛ ጉዳይ ዛሬ የሰዓታት ጨለማ ሊሆን ይችላል።

ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። የካሊፎርኒያ ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር የመብራት መቋረጥ ከፎይል ፊኛ ጋር ያያይዛሉ። ቁጥሩ ከቫለንታይን ቀን ጀምሮ እስከ ምርቃት ወቅት ከፍ ይላል። ከአሜሪካ ውጪም ይደርሳል። መስከረም 13 ቀን 2021 በጀርመኗ ድሬስደን ከተማ አንድ ብርማ ፊኛ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ገብቶ ሾርት ፈጠረ። 300,000 ገደማ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። የከተማዋ የኮምፒዩተር ቺፕ ፋብሪካዎችም ሳይቀሩ ተነኩ። መብራት ሲጠፋ አንዳንዱ ሰው ቴሌቪዥን ነው የሚቋረጥበት። በቤቱ ኦክስጅን በማሽን የሚወስድ ታማሚ ግን ትንፋሹ ነው የሚቋረጥበት። ስለዚህ ጉዳዩን «ለፊኛ ይህን ያህል?» ብሎ ማቃለል አይገባም።

ወደ ሕጉ ልለፍ። ካሊፎርኒያ ይህን ነገር የጀመረችው ትናንት አይደለም። በ1990 የወጣው ሕግ ሂሊየም በተባለው ቀላል ጋዝ የተሞላ የፎይል ፊኛ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚይዘው ክብደት ሳይታሰርለት እንዳይሸጥ፣ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍና የአምራቹ መለያ እንዲኖረው፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ክር እንዳይታሰር ደነገገ። ሆን ብሎ ወደ ሰማይ መልቀቅንም ከለከለ። ይህ ዛሬም የሚሠራ ስለሆነ ፊኛ ያለ ክብደት ለደንበኛ የሚያስረክቡ ከሆነ ስለሚመጣው ሕግ ከመጨነቅዎ በፊት ያለውን እየጣሱ ነው። በ2018 ማስጠንቀቂያውን የሚያጠናክር ሌላ ሕግ ወጣ። በመስከረም 2022 ደግሞ ገዥው ጋቪን ኒውሰም አሁን ገበያውን ያስጨነቀውን ሕግ ፈረሙ።

የ2022ቱ ሕግ የፎይል ፊኛን በጠቅላላ አይከለክልም። የሚከለክለው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ነው። ሽያጩ ከ2027 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ በ2031 እንዲያበቃ ነው የተደነገገው። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ፊኛ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣውን አይ ትሪፕል ኢ 2845 የተባለ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው ፊኛው እስከ 38,000 ቮልት የሚይዝ የማከፋፈያ መስመር ሲነካ ሾርት ይፈጥራል ወይስ አይፈጥርም የሚለውን ይመዝናል።

ላስቲክ ፊኛ በዚህ ሕግ ውስጥ የለም። ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ላስቲኩን ያሰሩበት ሪባን የሚያብለጨልጭ ብረት ከሆነ ግን ሪባኑ ራሱ ችግር ነው። የሰሙት ወሬ ምናልባት ከከተማ ደንብ የመጣ ይሆናል። ለምሳሌ ላጉና ቢች ከ2024 ጀምሮ በሕዝብ ቦታና በባሕር ዳርቻ ማንኛውንም ፊኛ ከልክላለች። የስቴቱ ሕግና የከተማው ደንብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥራ የሚቀበሉበትን ከተማ ደንብ ለይተው ማየት ይኖርብዎታል።

«መልቀቅ ብቻ ቢከለከል አይበቃም ወይ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ አይበቃም ከሚሉት ወገን ነኝ። ፊኛ ሆን ብሎ የሚለቅ ሰው አለ፣ ግን ሽቦ ላይ የሚደርስ ፊኛ ሁሉ ተለቆ አይደለም። ልጅ እጅ ያመልጣል። መኪና ውስጥ ተጠቅጥቆ በሩ ሲከፈት ሾልኮ ይወጣል። ክብደቱ የታሰረበት ቋጠሮ ይላላል። ከምርቃት አዳራሽ ውጪ ፎቶ ሲነሱ ነፋስ ይነጥቀዋል። ከነዚህ አንዱም በቅጣት አይቆምም፣ ማንም ሆን ብሎ አላደረገውምና። ላስቲክ ፊኛ ካመለጠ በአንድ ቀን ውስጥ ሂሊየሙ ይሟጠጣል። ፎይሉ ግን ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ከሎንግ ቢች ያመለጠ ፊኛ የት ሄዶ እንደሚያርፍ ማን ያውቃል? የማን እንደነበረስ በምን ይታወቃል? ፊኛው ማምለጡ ካልቀረ፣ ሲያመልጥ ጉዳት የማያደርስ ዓይነት ማድረግ ነው ያለው መፍትሔ። የ2022ቱ ሕግ ጥንካሬ ይህ ነው። ኃላፊነቱን ከልጅ እጅ አንሥቶ ፋብሪካው ላይ አደረገው።

ሽቦውን መቅበር ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ለዚህ ችግር የሚደርስ አይደለም። በሰሜንና በመካከለኛው ካሊፎርኒያ የሚሠራው ፒጂ ኤንድ ኢ በ2021 ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር እቀብራለሁ ብሎ አስታውቋል። ለአንድ ማይል የሚወጣው ሚሊዮኖች ዶላር ነው። ሥራውም የብዙ ዓመታት ነው፣ ቅድሚያ የሚያገኘውም የሰደድ እሳት የሚያሰጋው ተራራማ ቦታ እንጂ እርስዎ ዲኮር የሚሠሩበት የከተማ ሰፈር አይደለም። ወጪውም ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እርስዎ በሚከፍሉት የመብራት ሂሳብ ላይ ነው። መካከለኛው መንገድ ራቁቱን ሽቦ በተሸፈነ ሽቦ መተካት ነው። ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በዚህ መልክ ተቀይሯል፣ ፊኛንም በደንብ ይከላከላል። ሆኖም ትራንስፎርመሩና ፊውዙ ያሉበት መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ ክፍት ስለሚቀር ሙሉ መድኃኒት አይደለም። ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎችም እንዳሉ ክፍት ናቸው። ድሬስደን ላይ የሆነውም ጣቢያ ውስጥ ነው።

አማራጩ ፊኛ ያለ ቀልድ አለ ወይ? አለ። ብረት ሳይኖረው የሚያብለጨልጭ ቀለም የተቀባ ፊኛ ተሠርቷል። ድክመቱንም ልንገርዎት። አሉሚኒየሙ ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ሂሊየሙ እንዳይወጣ የሚያግድም እሱ ነው። እሱ ሲወጣ ሌላ ጋዝ አጋጅ ንብርብር መግባት አለበት። ጥራቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ቶሎ ይላሽቃል፣ ጥራት ያለው ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። ደንበኛዎ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ወርቃማ ቁጥር ከለመዱ፣ ልዩነቱን ያዩታል። ፊኛው ለአንድ ከሰዓት ድግስ ከሆነ ግን ቶሎ መላሸቁ ብዙ አያስጨንቅም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፊኛን በዓይን አይለዩትም። ሮዝ ወይም ጥቁር ስለሆነ ብረት የለውም ማለት አይደለም፣ አሉሚኒየሙ ከቀለሙ ሥር ሊኖር ይችላል። በተራ የኤሌክትሪክ መለኪያ ነክተው «አያስተላልፍም» ብለው መደምደምም ስህተት ነው። መለኪያው የሚሠራው በጥቂት ቮልት ነው፣ ከአሉሚኒየሙ በላይ ያለው ስስ ቀለምም ያግደዋል። 15,000 ቮልት ግን ያን ቀለም ከምንም አይቆጥረውም።

እህትዎን በተመለከተ፣ ሕግ ኖረም አልኖረም የሽቦው ባሕርይ አንድ ነው። የአዲስ አበባ መስመሮችም በአብዛኛው ራቁታቸውን ናቸው፣ በብዙ ሰፈርም ከፎቅ በረንዳ ብዙም አይርቁም። 33,000 ቮልቱም ቢሆን ከላይ የጠቀስኩት ፈተና ከሚሸፍነው 38,000 በታች ነው፤ ስለዚህ ፈተናውን ያለፈ ፊኛ እዚያም ይሠራል። ደግነቱ አዲስ አበባ ብዙ ዲኮር ሠሪ ፎይሉን በተራ አየር ነፍቶ ግድግዳ ወይም ፍሬም ላይ ይለጥፋል። ይህ በጣም ጥሩ ልማድ ነው፣ ትቀጥልበት። በአየር የተነፋ ፊኛ ወደ ሰማይ አይወጣም። በረንዳና ሰገነት ላይ ግን ነፋስ ሊወስደው ስለሚችል ጠበቅ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል። አዲስ ዕቃ ስለምታዝዝ ገና ከመነሻው ብረት የሌለውን ማዘዝ ትችላለች፣ ለእሷ ይቀላታል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ዛሬውኑ ብረት ያለውን ፎይል በሂሊየም መሙላት ያቁሙ። 2027ን ወይም 2031ን አይጠብቁ። መጋዘን ያለዎትን ዕቃ መጣል አያስፈልግም፤ በአየር ነፍተው በፍሬም፣ በቅስትና በግድግዳ ሥራ ይጨርሱት። መንሳፈፍ ያለበትን በላስቲክ ወይም በግልጹ የፕላስቲክ ባብል ፊኛ ይሥሩ። ደንበኛ «ሂሊየም ያለው የቁጥር ፊኛ ካልሆነ» ካለዎት ቤት ውስጥ ብቻ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ክብደት ታስሮለት፣ በጨርቅ ሪባን ያድርጉት። ድግሱ ሲያልቅ ፊኛው ሳይወጣ እዚያው ይበሳ። ይህን በዋጋ ስምምነቱ ላይ ይጻፉት። እንግዶች ፊኛ ይዘው ወደ መኪና ማቆሚያ ሲወጡ ነው ብዙው የሚያመልጠው።

ፊኛ ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ ካዩ አይንኩት፣ በእንጨትም ሆነ በመጥረጊያ ለማውረድ አይሞክሩ፣ ገመዱ ወደ መሬት ቢንጠለጠል እንኳን። ለኤሌክትሪክ ኩባንያው ይደውሉ፤ አዲስ አበባ ከሆነ 905። ሽቦ መሬት ላይ ወድቆ ካዩ ደግሞ ቢያንስ አሥር ሜትር ይራቁ፣ ሌላውም ሰው እንዲርቅ ያድርጉ፣ አሜሪካ ከሆኑ 911 ይደውሉ። ብልጭታ ስለሌለው ኃይል የለውም ብለው አይገምቱ።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላሉ አንባቢዎችም አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሙት ዓመት መታሰቢያ ፊኛ መልቀቅ እየተለመደ ስለሆነ። ሁለቱም ስቴቶች ከ2021 ጀምሮ ማንኛውንም ፊኛ ሆን ብሎ ወደ ውጪ መልቀቅን ከልክለዋል፣ ላስቲክም ቢሆን። ቨርጂኒያ ቅጣቱን በያንዳንዱ ፊኛ 25 ዶላር አድርጋዋለች። ፍሎሪዳም ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ተመሳሳይ ክልከላ አላት።

አቅራቢዎ «ይህ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም» ብሎ አዲስ ዕቃ ሲያመጣልዎት በቃሉ ብቻ አይቀበሉት። የአይ ትሪፕል ኢ 2845 ፈተና ውጤት በጽሑፍ ይጠይቁት። ወረቀቱ ላይ ያለው የፊኛ ዓይነትና መጠን እርስዎ ከሚገዙት ጋር አንድ መሆኑንም ያመሳክሩ። ትንሹ ክብ ፊኛ ማለፉ አንድ ሜትር የሚረዝመው የቁጥር ፊኛ ማለፉን አያሳይም። ወረቀቱን የሚያሳይዎት ካላገኙ ያን ዕቃ በአየር ለሚነፋ ሥራ ብቻ ይግዙት።